ዜሮ እና ሰረዝ

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ አንዲት ደቂቃ ሳያጎድል፣
ከአሰንዳቦ ገበያ ጀርባ፣ ከሽቦው አጥር መሀል፣
አባቴ ጎንበስ ይላል
ከጣሳው አፍ ላይ፣
ትናንት ከሰማይ የወረደውን በመስታወት ሊያይ።

ክንድ የማይሞላ ቱቦ፣ ሚሊሜትር የተጫረበት፣
አራት እግር ያለው ነጭ ሳጥን፣ ንፋስ የሚያልፍበት፣
በውስጡ ሁለት ቴርሞሜትር፣ አንደኛው ጨርቅ የለበሰ፣
የአየሩን ጥማት የሚናገር፣ በጨርቁ ውሃ እየላሰ።
ይኼ ነበር ርስቱ።

ሰፈሩ ግን «አባ ሮባ» አለው፣ የዝናብ አባት ማለት፤
እሱ ቆጣሪ እንጂ አዝናቢ ሆኖ አያውቅም አንድ ዕለት።
በልግ በቀረ ዓመት፣ በሬ ፈተው የዋሉ ሁሉ
መንገድ ላይ ያቆሙታል፣ «ምነው አባ ሮባ?» እያሉ፣
«ምነው ልጅህ ጠፋ?»
ኮፍያውን ይነካካል፣ ጥፋት እንዳለበት፤
ስለ ሰማዩ ይቅርታ ይላል፣ እንደተቀጠረበት።

ስምንት ዓመቴ ነው፣ መዝገቡን ሲያስነብበኝ፣
ከማባዛት በፊት ዜሮን ሲያስተምረኝ።
«ነጂባ፣ ስሚኝ፤ ዜሮ ባዶ አይደለም፤
ሄጄ አየሁ ማለት ነው፣ ጠብታ ግን የለም።
ሰረዝ ሌላ ነው። ሰረዝ ማለት
አላየሁም ነው፤ ዓይን ያልነበረበት ዕለት።
የደረቀ ቀን አያሳፍርም፤ ያልታየ ቀን ያሳፍራል፤
ሰማይ የፈቀደውን ያደርጋል፣ ከኛ ማየት ይጠበቃል።»
ለካፊያም ማዕረግ ነበረው፣ ቱቦው ግርጌ ለማትደርስ፤
አንዲት ፊደል ይጽፍላታል፣ ዱካዋ እንዳይፈርስ።

በዚያ ዓመት፣ ግልገል ግቤ ዳር ጭቃው እንደ ገል ሲሰነጠቅ፣
በቆሎው ጉልበት ሳይደርስ በቁሙ ሲደርቅ፣
ሦስት ሽማግሌዎች ማታ ቤታችን መጡ፣
ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።
«አባ ሮባ፣ አራቱን ሁለት በለው፤
እርዳታ የሚመጣው ቁጥር አይቶ ነው።»
በማግስቱ ደግሞ ከወረዳ አንድ ሰው፣
ሞተሩን ሳያጠፋ፣ «አራቱን አሥራ አራት በለው፤
ምርቱ አልቀነሰም ብለን ጽፈናል፤ ምናለ ብታግዘው?»
አባቴ ለሁለቱም ወገን ሻይ አቀረበ፤
አራት ነጥብ አንድ ግን እዚያው ቆየ፣ ልክ እንደዘነበ።

እርዳታው ዘገየ። የጎረቤታችን የሐሊማ ጥጃ ሞተ።
እናቴ «ያ ነጥብህ» ትለው ነበር፣ እሱ መልስ እየታከተ።
ትክክል ነበር? እስከ ዛሬ
አላውቅም።

አሁን ባለብረት ግንድ ጣቢያ ተተክሏል፣
ፀሐይ በልቶ ያድራል፣ በየሩብ ሰዓቱ ጅማ ይደውላል።
ሰው አያሻውም ተባለ።
ባለፈው ሐምሌ አሥራ አንድ ቀን፣ ዶፍ ሲወርድ «ዜሮ፣ ዜሮ» አለ።
ብከፍተው፣ ተርብ ማጥለያው ውስጥ ጎጆ ቀልሶ፣
ውሃው በጎን ይፈሳል፣ ግርጌውን አበስብሶ።
ሄዶ ሳያይ ዜሮ የሚል!
ለአባቴ ብነግረው፣ ሳል እስኪይዘው ሳቀ።

ከዚያ በረመዳን፣ ትንፋሹ ሲቆራረጥ፣ አሮጌውን ደብተር አስመጣኝ፤
ሚያዝያ አሥራ ዘጠኝን በጣቱ ነክቶ፣ ዓይኔን ሳያይ አጫወተኝ።
«ይችን ቀን አላየሁም። አንቺ ልትወለጂ፣ ጅማ ሆስፒታል ደጅ አድሬ፣
ስድስት ነጥብ ዜሮ አልኩ፣ የመንገዱን ጭቃ መስክሬ።»

በሠላሳ ዓመቱ አማካይ ውስጥ፣ በአሥር ሺህ ቀን መሀል፣
አንዲት ስህተት አለች፣ የኔን ቁመት ታህል።

ከቀብሩ በኋላ አንድ ወር ዝም አልኩ።
ከዚያ ጅማ ሄጄ፣ ቢሮው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጥኩ።
ስድስቱን አጠፋሁ፤ ሰረዝ አደረግሁበት፣
የተወለድኩበትን ቀን፣ ዓይን ያልነበረበት።

ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት። ሽቦው ላይ ወፍ አለች።
ጣሳው ደረቅ ነው፤ አንዲት የግራር ቅጠል ወድቃበታለች።
ቅጠሏን አወጣሁ።
ዜሮ ነጥብ ዜሮ።
ሄጄ አየሁ።