በአፍ ብቻ

ሌላ አገር ለማሽን ቅዝቃዜ ይገዛል፤
ጠባሴ ላይ ግና መስኮት ይከፈታል።
ውርጩ በጥር ሌሊት ሣጥኑን ሲዳብሰው፣
አቶ ወንድይፍራው ባናቸውን ለብሰው፣
እኔም የጓንቴን ጫፍ በመቀስ ቆርጬው፣
ጣቶቼን አውጥቼ ፊደሉን ስመታው።

ሣጥኑ ጥቁር ነው፣ ቁመቱ ከኔ ያልፋል፤
አንድ ባንክ ሠርቶበት፣ ሲሰለቸው ሽጧል።
የብርድ ልብስ ፋብሪካው በጨረታ ገዛው፤
ሸኖን፣ ጫጫን አልፎ አይሱዙ አመጣው።
አቶ ወንድይፍራውም አብረውት መጡ፣ እንደ ጥሎሽ፣
ከነቴርሞሳቸው፣ ከነደብተራቸው።
ሜይንፍሬም ነው ስሙ። እሳቸው ግን
«በቅሎው» ነው የሚሉት፦
«ጭነት አይመርጥም፤ ያኮረፈ ለት
አለንጋም አይነዳው፣ ልመናም አይፈታው።»
ሊኑክስ የጫንኩበት ለት አንገታቸውን ነቀነቁ፣
«ኮርቻው አዲስ ነው፤ ጀርባው ግን ያው» አሉኝ።

ነገ ደመወዝ ነው፤ ስምንት መቶ ሰው፣
ፈታዩ፣ ሸማኔው፣ በር ላይ የቆመው።
ከሌሊቱ ሰባት።
ስሟን በብርሃን የጠራች ከተማ
በአንዴ ገባች እስከ አንገቷ ጨለማ።
ጄኔሬተሩ ስሎ፣ ስሎ፣ ስሎ ተነሣ፤
በቅሎውም ተነሣ፤ ግን ራሱን ረሳ።
መስመር በመስመር ላይ እየተከተለ
ከርነሉ ቆጥሮ፣ ቆጥሮ፣ ቀጥ አለ።
«ሥሬን አላገኘሁም» ይላል ኮንሶሉ።
ትንሽ ቆየና፣
«ሥሬን አላገኘሁም።»
በሬሳ ዳር ያለ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ እንኳ
ሥሩን አይጠይቅም፤ ዝናብ ሲያገኝ ያቆጠቁጣል እንጂ።

«ማን ነካው?» አልኩኝ።
ጥያቄ አልነበረም፤ ክስ ነበር፣ ያውቁታል።
ሻያቸውን ቀዱ። እንፋሎቱን አዩት።

ዲስኮቹን ጠራሁ፣ ስም እንደሚጠራ አስተማሪ፦
ሁለት መቶ። «አቤት።»
ሁለት መቶ አንድ። «አቤት።»
ሁለት መቶ ሁለት።
ሁለት መቶ ሁለት?
ሥሩን ለሦስት ነበር ተጋግዘው የያዙት፤
አንዱ ቀሪ ሲሆን ሁለቱም ለቀቁት።

ያኔ ነው ደብተሩን ከባናው ሥር ያወጡት፣
ምራቅ በነካ ጣት ገጹን የገለጡት፦
«ኅዳር ፲፫፣ ከሰዓት። ቦታ ጠበበ።
ጌጤነሽ ሁለት መቶ ሁለትን ቀሰቀሰች።
በአፍ ብቻ።»

በአፍ ብቻ።
አዝዤው ነበረ፤ እሱም ታዝዞ ነበር፤
ፋይሉ ላይ ግን ስሙን አላሰፈርኩም ነበር።
ለምሳ ቸኩዬ? ስልክ ተደውሎልኝ?
መብራት እስካለ ድረስ የተነገረው ይበቃል፤
የጠፋ ለት ግን የተጻፈው ብቻ ይነሣል።

ኮንሶሉ ጠባብ ነው፤ ሙሉ ገጽ አያሳይ፣
ጣትሽ ወደ ኋላ አይሄድ፣ አይወጣ ወደ ላይ።
አንድ መስመር ትጠሪያለሽ፣ አንድ መስመር ይመጣል፤
የቀረው በጭንቅላትሽ ነው፤ እሱም በርዶታል።
አሥራ ሦስት። አይደለም። አሥራ አራት። እዚህ።
ቁጥሩን ጨመርኩበት። አስቀመጥኩ። መልሼ አነበብኩ።
የማስነሻውንም መዝገብ እንደ አዲስ አስጻፍኩ
(ይህን የዘለለ ሰው ነገም እዚሁ ነው)፣
ከዚያ አጥፍቼ አስነሣሁት።

ቆጠረ። ቆጠረ። አለፈ።
አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስሞቹ ወረዱ፣
የመጀመሪያው ፈረቃ አውቶቡስ በር ላይ ጥሩምባ ሲነፋ።

ብዕራቸውን ተቀበልኩና ከሥሩ ጻፍኩበት፦
«ጥር ፳፱። ሁለት መቶ ሁለት። ጌጤነሽ። በጽሑፍ።»
«አቶ ወንድይፍራው፣ ቅድም እኮ...»
«መስኮቱን ገርበብ አድርጊው» አሉኝ፣
ባናቸውን በግማሽ ወደኔ እየገፉ፣
«በቅሎው ይብቃው፤ አሁን እኛ ነን የበረደን።»