የታች ክዳን

አዘዞ፣ ከአስፋልቱ ዝቅ ብሎ፣ የዘይት ፋብሪካው ውስጥ፣
ማጣሪያው ቆሟል በአራት እግሩ፤ ሆዱ እንደ ጋን፣ ግፊት የሚውጥ።
የሚያምረው ሁሉ ከላይ ነው፤ ሰዓቱ፣ ቀዩ እጀታ፣
እንግዳ ሲመጣ አስጎብኚው የሚጠቁመው ቦታ።
ከታች ግን፣ እንደ ሰፌድ ክብ፣ ሃያ አራት ቡሎን የነከሰው፣
አንድ ክዳን አለ፤ ጎንበስ ብሎ አያየውም፣ ካልነጠበበት፣ ሰው።

«ሥራው ሁለት ነው» አለኝ ጋሽ አዛናው፣ ገና ስቀጠር፣ በማለዳ፤
«ሲዘጋ ግፊቱን ችሎ፣ ጠብታ እንኳ ሳያስቀዳ፤
ሲከፈት ደግሞ በአንዴ፣ ሳይቆጥብ፣ ሳያቅማማ፣
የጋገረውን ዝቃጭ መጣል፣ ጓ! ሲል እስኪሰማ።
መዝጋትማ መቃብርም ይዘጋል፤ ድንጋይ ክዳን አለው፤
የሚከፈትበትን ሰዓት ያወቀ፣ እሱን ነው ክዳን የምለው።»

የጥምቀት እንግዳ ጎንደርን ሳይለቅ ጀመረ፣ እንደ ሐሜት፣ በአንድ በኩል፤
ረቡዕ ላይ ክር አከለ፤ ሐሙስ ባልዲ ስንደቅን ሞላ እስከ እኩል።
ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ ጻፈ፣ ማኅተም መታ ሁለት ቦታ፦
«የታችኛው መዝጊያ ከነቀለበቱ፣ ቁጥሩ እንዲህ፣ በአስቸኳይ ሁኔታ።»
መልሱ መጣ በስልክ፦ ዶላር የለም፣ ወረፋው ሩቅ፣
መንገዱም እንደምታውቁት፤ ሦስት ወር ግድ ነው መጠበቅ።

ሦስት ወር! የደንቢያ ኑግ እስከ ጣሪያው ተከምሮ።

አንዱ፦ «ከመነዳሪ ቆርጠን እንሙላው ክፍተቱን።»
አዛናው፦ «ጎማ ትኩስ ዘይት ሲጠጣ ያብጣል፤ አታውቅም ዐመሉን።»
ሌላው፦ «ቡሎኑን አጥብቁት!» አምስት ሰው በቧንቧ ተንጠለጠለ፤
ብረቱ አለቀሰ እንጂ ዘይቱ ምን ገዶት፣ መውረዱን ቀጠለ።

ግፊቱን አራገፍን።
«እንጉዳይ፣ አንቺ ቀጭን ነሽ፣ ግቢ» አለኝ። ገባሁ በጀርባዬ፣
ባትሪውን በጥርሴ ይዤ፣ ጠብታው እየመታ ከጆሮዬ።
ሃያ አራቱን ፈታሁ። ክዳኑ በማጠፊያው ወረደ፣
ሰባ ኪሎ ብረት በሰንሰለት፣ እያቃሰተ ሰገደ።
«ዓይንሽን ተይው» አለ ከውጭ፣ «ዓይን ያደላል፤ ጥፍርሽን ስጪው፤
ቀለበቱ የሚተኛበትን ቦይ ዙሪው፤ ሲያደናቅፍሽ ቁሚና ስሚው።»

ዞርኩት። ለስላሳ። ለስላሳ። ለስላሳ። እና
ጥፍሬ ተደናቀፈ።
በጸጉሬ መያዣ ፈለቀቅሁት፤ መዳፌ ላይ አረፈ።
ሰሊጥ።
አንዲት ሰሊጥ፣ ሙሉ፣ ጫፏ እንኳ ያልተሸረፈ!
ያ ሁሉ ኑግ በመጭመቂያ ሲያልፍ፣ እሷ በቦዩ ተኝታ አርፋ፣
የሰባ ኪሎ ብረት ስም በአንዲት ፍሬ ጠፋ።

መዳፌን ዘርግቼ ወጣሁ። አዛናው መነጽሩን ከፍ አደረገ፤
አሸተታት። «የተቆላች ናት» አለና ጉሮሮውን ጠረገ።

የእኛ ፋብሪካ ሰሊጥ አይቆላም።

የከተራ ለት ክዳኑን ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ ቶሎ ልውጣ ብዬ፣
ታቦት ልሸኝ ስጣደፍ፣ ከኪሴ ዘግኜ፣ ቆርጥሜ፣ ጥዬ።
እሱም አወቀ። ማወቁን እኔም አወቅሁ።
ሥራ አስኪያጁ ከኋላ «ምንድነው? ምን ተገኘ?» ይላል፤
አዛናው ፍሬዋን አፉ ጨመራት፤ ቀስ ብሎ ያላምጣል።
«ምንም» አለ። «ቆሻሻ።»

ከኑግ የተገኘሽ ሰሊጥ ያሏት፣ ዘግይታ ተወቀጠች፤
ከኑጉ ጋር አይደለም እንጂ፣ በሽማግሌ ጥርስ ደቀቀች።

ከዚያ ቡሎኖቹን ሰጠኝ። «አንዱን አጥብቀሽ አትጨርሺ፤
ትንሽ እዚህ፣ ትንሽ ፊት ለፊቱ፤ እየተሻገርሽ መልሺ።
በአንድ ወገን ብቻ ከጠበቀ፣ ሌላው ይከፍታል አፉን።»
ይህን ሲል አላየኝም፤ በጨርቅ ይወለውላል መዳፉን።

ማታ ሦስት ሰዓት ግፊቱ ሞላ። ከሥሩ ነጭ ወረቀት አነጠፍኩ፤
አጠገቡ ተቀምጬ፣ አንዴ እሱን፣ አንዴ ሰዓቱን ስጠብቅ አደርኩ።
ሲነጋ ወረቀቱ ደረቅ ነበር።
እጀታውን ሳብኩ። ክዳኑ ሳያቅማማ ተከፈተ፤
ጓ! አለ። ጥቁሩ ዝቃጭ ወርዶ ሲሚንቶው ላይ ተጎለተ።

ቤቴ ገባሁ። የቱታዬን ኪስ ገልብጬ አራገፍኩት፤
ከዚያ መርፌ አነሳሁና አፉን ሰፋሁት፣
ትንሽ እዚህ፣ ትንሽ ፊት ለፊቱ፣ እየተሻገርኩ አጠበቅሁት።