አሥራ ዘጠኝ

ሌሊት ሰባት ሰዓት፣ ኔትወርክ ሲመለስ፣
የመለያ ቁጥሬን ጽፌ፣ ክቡ ሲዞር፣ ሲዞር፣ ትንፋሼን ሳልመልስ፣
ሁለት መቶ ሰማንያ አንድ።
ማለፊያው ሦስት መቶ።
ደግሜ አየሁት፤ ቁጥር አያፍርም፣ አይራራም የሰው ፊት አይቶ።
አሥራ ዘጠኝ ጎደለኝ።
ዕድሜዬም አሥራ ዘጠኝ፤
በየልደቴ አንዳንድ ነጥብ መንገድ ላይ ስጥል የኖርኩ መሰለኝ።

ሲነጋ ሽምብጥ በሙሉ ጆሮው ላይ ስልክ ለጥፏል፤
የማን ልጅ ወድቋል? የማን ልጅ አልፏል?
ማርሸት አራት መቶ አሥር! የእናቷ እልልታ አጥር ዘሎ እኛ ግቢ ገባ፤
እናቴ ተቀብላ እልል አለች፣
ከዚያ ጓዳ ዘለቀች፤ ሽንኩርት ሳትከትፍ ዓይኗ አነባ።

አጎቴ ሙላው መጣ፣ ባጃጁን ደጅ አቁሞ፤
«የግል ኮሌጅ ሞልቷል፤ አካውንቲንግ ግቢ፤ ሰው ምን ያተርፋል ቤት ከርሞ?»
እትዬ ዘርትሁን ደግሞ፣ «ሪሚዲያል ከደረሰሽ ሂጂ፣ የትም ይሁን የትም፤
ደጁን ከረገጥሽ ወዲያ ማንም አያስወጣሽም።»
ከአጥሩ ማዶ ደግሞ፣ ድምፁን የማውቀው አንድ ሰው፣
«ከርሞ ጥጃ» አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው፤ ግን እንድሰማው።

ሁሉም ለእኔ ብሎ ነው። ልክም ይሆናል።
እኔ ግን ያልነገርኳቸው፣
ደክሞኛል።
ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ሲከፈት፣ መልሶ ሲዘጋ፣
ፊዚክስን ብቻዬን ይዤ ስንት ሌሊት በላዬ ነጋ።
አሁን ጭንቅላቴ ውስጥ እንደ እርጥብ ማገዶ ይጨሳል፤
አይነድ፣ አይጠፋ፤ ዓይን ብቻ ያስለቅሳል።

ወደ ጣና ወረድኩ።
እምቦጩ ዳሩን ይዟል፤ አረንጓዴ ነው፣ አበባውም ያምራል፤
ሥር አለው፤ ሥሩ ግን መሬት አይነካም፣ ነፋስ የነዳው ዘንድ ያድራል።
«ይቺን ዓመት ዝም ብዬ ብቀመጥ፣ እኔም ይኸው ነኝ» አልኩ።
ድንጋይ ወረወርኩበት።
ድንጋዩ እንኳ አልሰመጠም፤ እላዩ ላይ ተቀመጠ። ሳቄ መጣ፤ ተውኩ።

ጋሽ እንድሪስ ታንኳውን ጎትቶ አውጥቶ
ሾላው ላይ አስደግፎታል፤ ይንጠባጠባል፣ ውኃ ጠጥቶ ጠጥቶ።
«ተሰበረ?»
«ኧረ ምን በወጣው! ጠገበ እንጂ። ደንገል ሲጠግብ ይከብዳል፤
በከበደ ታንኳ የሄደ፣ ደሴቱን ሳያይ ይወርዳል።
ፀሐይ ይምታው። ሲደርቅ እንደ ላባ ይሄዳል።»
ገመዱን እያጠበቀ ትንሽ ቆየና፣ «ነገር ግን» አለ፣
«ቆሞ የቀረም አውቃለሁ፤ ማዕበል ሳይነካው ምስጥ በላው፤ በላዩ ሣር በቀለ።»

ስለ ታንኳ ነው ያወራው። የእኔን ቁጥር አያውቅም።
«ቆሮሶ ትገዣለሽ?» አለኝ። ብር አልያዝኩም።

ፔዳ በር ላይ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ መስታወት፣
«ሠራተኛ እንፈልጋለን» ይላል፣ ዝናብ ያበላሸው ወረቀት።
ከሰዓት እዚያ እቆማለሁ፤ የሌሎችን ሃንድአውት አባዛለሁ፤
ማሽኑ እስኪሞቅ ድረስ ከላይ ከላዩን አነባለሁ።
ጠዋት ጠዋት ሒሳብ፤ ከዘጠነኛ ክፍል፣ ከጠፋብኝ ቦታ።
ሐሙስ ምንም።
ሐሙስ ውኃ ዳር መተኛት፣ እስከ ማታ።

«እማ፣ አንድ ዓመት» አልኳት። እጇ ሳሙናው ላይ ቆመ።
«ከርሞስ? የከርሞውስ ከርሞ?» አለች፤ ጥያቄዋ መሃላችን ከረመ።
አሥራ ዘጠኝ ነጥብ በዓመት ይገኝ እንደሆን ምሎ የሚነግረን የለም።
ልክ ልሁን፣ ልሳሳት፣ አላውቅም።
እሺ አላለች፤ እምቢም።

ከተኛሁ በኋላ ግን ወንበር ሲጎተት ሰማሁ፤ ሳሎኑ ጨለመ።
ትልቁን አምፖል ፈትታ፣
ትኩስ ነበርና በቀሚሷ ጫፍ ይዛው፣
የእኔን ክፍል በር በክርኗ ገፋ አደረገችው።