ከትራስ ሥር

ማክሰኞ ማለዳ፣ ሰኔ ገና ሲያካፋ፣
የነጂብን አልጋ ላነጥፍ ትራሱን ስገፋ፣
ግማሽ ዳቦ ወደቀ፣ ደርቆ እንደ ጠጠር፣
በሒሳብ ደብተር ገጽ ተጠቅልሎ፣ ታስሮ በጥቁር ክር።

ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው። ጦሙን አድሮ አያውቅም።
ከእኛ ቤት ሌማቱ፣ ተመስገን፣ አይጎድልም።

አባቴ ይመር ግን፣ አላህ ይዘንለት፣
ከቆቦ በእግሩ ሐይቅ የገባው በዚያ በሰባ ሰባት፣
ሁለት ታናሾቹን ከመንገድ ዳር ቀብሮ፣
ኖረ እስኪሞት ድረስ ቁራሽ ደብቆ፣ ቋጥሮ፤
ከኮቱ ገበር ውስጥ፣ ከጣሪያው ማገር ሥር።
ዓሣ አጥማጅ ሆኖ እንኳ፣ መረቡ ከብዶለት፣
እጁ ቂጣ ይሸጉጣል፣ ሳያዘው፣ ሳያውቅበት።

ነጂብ አያቱን አላየም።
መቃብሩ ልጄን በሦስት ዓመት ይበልጠዋል።
ታዲያ ማን ነገረው?

*

ባዮሎጂ ነው የማስተምረው፣ ዘጠነኛ ክፍል።
ባለፈው ሳምንት ገመድ ጣልኩ ከበሩ ሥር፤
ሠላሳ ሰባቱ ዘለሉ፣ እባብ የነከሰው አንድም ሳይኖር።
«አያችሁ» አልኩ፣ «ከጥንት ከጠዋቱ፣
ሣሩ ሽው ሲል ቆመው ያመዛዘኑቱ
ልጅ ሳይወልዱ ቀሩ።
እኛ የዘላዮቹ ነን፤ የበርጋጊዎቹ ዘሩ።»

ክፍሉ ሳቀ። «ዘረመል» ብዬ ጻፍኩ፣ ከሥሩ አሰመርኩ፣
ጥሩ አስተማሪ ሆንኩ፣ በራሴ ተኩራራሁ።
ከኋላ ወንበር ዘምዘም እጇን አወጣች፤
«ቲቸር፣ እኔ አልዘለልኩም» አለች።
«አባቴ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገመድ ይሸጣል።
ጥቅሉ ላይ ነው ተኝቼ ያደግሁት።
ለእኔ ገመድ እንቅልፍ ይሸተኛል።»

የምለው አጣሁ። ደወሉ አዳነኝ።

*

ከሐይቁ ዳር፣ ከግራሩ ቅርንጫፍ
ጎጆ ይሸምናል ቢጫው ወፍ፤
ማን አሳየው ቋጠሮውን፣ የሣሩን አጠላለፍ?
ጋሽ ሙሄን ጠየቅሁ፣ የአባቴን የመረብ ባልንጀራ።
ታንኳውን እየደፈነ፣ ቀና ሳይል ከሥራ፣
«የመጀመሪያ ዓመቱን ጎጆ አይተሽዋል?» አለኝ፤
«የሰካራም ጥምጣም ነው! ነፋስ እፍ ሲለው ሐይቅ ይገባል።
ማሰሩን ይዞት ይወለዳል፣ ልጄ፤
ማጥበቁን ግን መውደቅ ያስተምረዋል።»

ስለ አባቴ ልጠይቀው ነበር። ተውኩት።

*

ማታ ቦርሳዬን ፈታሁ፣ ፈተና ላርም፣ ቀይ እስክሪብቶ ስሻ።
መጀመሪያ የወጣው ስኳር ነው፤ አራት፣ በወረቀት፣ ከሠርግ ቤት የያዝኩት።
ከዚያ ብስኩት፣ ከፋሲካ በፊት የተገዛ።
ከዚያ ከታች፣ በመሐረብ የታሰረ፣ እፍኝ የማይሞላ ቆሎ።
መቼ እንዳሰርኩት እንጃ።
እኔ! ደመወዝ የምቆጥር፣ ማድጋዬ ያልጎደለ ሴት።

ቀና ስል ነጂብ ከበሩ ቆሟል።
ፊቴን አይደለም፤ እጄን ያያል።
ለካ ስምንት ዓመት ሙሉ
እጄን ሲያነብ ኖሯል።

እና ከደም ነው? ወይስ ከዓይን?
የአባቴ ረሃብ በአጥንቴ አልፎ ገባበት፣
ወይስ በዚህ ቦርሳ ነው ያወረስኩት?
ወይስ ሁለቱም ናቸው፣ እንደ ድርና ማግ፣
አንዱን ብትመዝ ሌላው የሚበጠስ ፈትል?
በየሰሚስተሩ መልስ ያለው ጥያቄ አወጣለሁ፤
ይህን ግን እኔው ብቀመጥ እወድቃለሁ።

ደረቁን ዳቦ ሐይቅ ዳር ወስጄ ለዓሣ በተንኩት።
ሲመሽ፣ ነጂብን እንቅልፍ ሲወስደው፣
የዛሬውን ግማሽ፣ ለስላሳውን፣
በንጹሕ ወረቀት ጠቀለልኩት፤
ክሩን ልክ እንደሱ አስሬ
ከትራሱ ሥር መለስኩት።

ጠዋት ሲያገኘው ምን እንደሚማር
አላውቅም።