የሁለት ዓሣ ቤት

አባቴ ኳስ ሰፊ ነበር፤ በካልካታ ሜዳ ዳር፣
ትራሙ ከሚዞርበት፣ ከአሮጌው ዋርካ ሥር፣
ወስፌና ሰም ይዞ፣ ጆንያውን አንጥፎ፣
ስንቱን ኳስ ጠቀመ ጉልበቱ ላይ አቅፎ።

አያቴም እዚያው ነው፤ በእንግሊዞች ዘመን
የወታደር ኳስ ሰፋ በሳንቲም ተመን።
ያን ጊዜ ኳስ ማለት የበሬ ቆዳ ነው፤
ዝናብ ከጠጣማ ድንጋይ ነው፣ ዕዳ ነው።
በቴስታ የገጨው፣ ይል ነበር አባቴ ሲያወራ፣
እስከ ማግስቱ ድረስ ስሙን አያውቅም ሲጠራ።

ደግሞም አንድ ነገር፦
ከአባቴ እጅ ውሃ የማይጠጣ ጨዋ፣
ቆዳ ይነካል ብሎ ጥላውን የሚሸሽ፣
ጎል የገባ ለታ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣
ኳሷን አንስቶ ይስማል፤
ስፌቷ ላይ። አፉን ሞልቶ።
አባቴ ያያል።
ክሩን በሰም ይስባል።

እናቴን ኒሩፓማን ከወንዙ ማዶ ወልደው፣
ድንበር ሲሰመር ጊዜ አሻገሯት አዝለው።
ቤት ወዲያ፣ ጀልባ ወዲያ፣ መረብም ወዲያ፤
የቀረቻቸው ነገር ቀይና ወርቅማ ማሊያ፣
አሥራ አንድ ሰው ሆኖ የጠፋ አገር ሲሮጥ ማያ።
አባቴ የወዲህ ሰው፣ የአረንጓዴዎቹ ወገን፤
ካህኑ ጠይቋል አሉ ሲያጋባቸው፣ "ደርቢ ሲደርስስ ምን ይሁን?"

የካልካታ ሆድ እንግዲህ በኳስ ይተዳደራል፤
ምሥራቆች ካሸነፉ ሰፈሩ ኢሊሽ ይሸታል፣
አጥንቱ እንደ መርፌ፣ ስቡ እንደ ቅቤ፤
እነዚያ ካሸነፉ ሽሪምፕ ነው፣ በኮኮናት ወተት።
ሬዲዮ ሳያወራ ገበያው ያወራል፤
የማን ዓሣ እንደተወደደ ዘንቢል ይናገራል።
እኔን፣ "ለማን ነህ?" ሲሉኝ፣ ሁለቱም በአንድ አፍ፣
"ለድመቷ" እላለሁ፤ እሷ ሁለቱንም አታልፍ።

የዚያ ሐምሌ ደርቢ ሜዳው የሩዝ ማሳ ነው፤
ኳሱ ጭቃ ውስጥ እየሰመጠ፣
ሰማንያ ስምንት ደቂቃ ሁሉም ተንሸራተተ፣ ማንም አልበለጠ።
በሰማንያ ዘጠነኛው በረኛውን አዳለጠው፤
ኳሷ እንደ ሰካራም፣ በዝግታ፣
መስመሩን ተሻገረች። ለአረንጓዴዎቹ።
ደጋፊው ጋዜጣ ጠቅልሎ ችቦ አበራ፣
በዚያ ዝናብ! ያ እሳት እስከ ዛሬ ይገርመኛል።
እናቴ ከጎረቤት ሬዲዮ ሥር ተነስታ
ያልቆሸሸ ሳህን ማጠብ ጀመረች።

አባቴ ሲመሽ ገባ፤ እስከ አጥንቱ በስብሶ፣
በብብቱ ጋዜጣ፣ በጋዜጣው ዓሣ ይዞ።
ሽሪምፕ መስሎኝ ነበር።
ኢሊሽ ነው።

እናቴ አየች። ዓሣውን ሳይሆን እሱን።
"ስለረከሰ ነው?" አለች። (ያን ለታ ማን ይገዛዋል?)
"ወይስ ስላዘንክልኝ?"
አባቴ ሁለቱንም ቆሞ መዘናቸው፤
ሁለቱም የሚያስወቅስ መልስ ናቸው።
"ጠብሰሽ ብይ" አለ።
"የተሸነፈ ሰው እራት አይለመንም።"

ጠበሰችው፤ በሰናፍጭ። ማንም አልነካውም።
ሽታው ብቻ ቤቱን ዞረ፣
ወንበር እንዳልቀረበለት እንግዳ።

ሌሊት፣ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
ሰማኋት፤ ኩራቷን እንደ ጫማ አውልቃ፦
"ጎሉ እንዴት ነው የገባው?"
አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።
ዕድሜውን ሙሉ አንድ ማሊያ የደገፈ፣
ስፌቱ በክር ውፍረት የማያዛንፍ ሰው፣
"ኦፍሳይድ ነበር" አላት።
"በግልጽ?"
"በግልጽ። ሁለት ክንድ ሙሉ።"

ረጅም ዝምታ። ከዚያ የሳህን ድምፅ፣
አጥንት ሲለቀም፣ ጣት ሲላስ።
ድመቷን ላባርር ተነሳሁ።
ድመቷ እግሬ ሥር ነበረች፣ እንቅልፍ ወስዷት።