ቅሪት

ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ሰው በአንድ ካርቶን አቅፌ
ምድር ቤት ወረድኩ ዛሬ፣ የካርድ ክፍሉን አልፌ።
ሰንጋ ተራ ዝናብ ነው፤ መብራትም የለም፤
ኮምፒውተሩ ቢሞትም ሥራዬ አይቆምም።
የልጄን የሂሳብ ደብተር ከቦርሳዬ አወጣሁ፣
መሐሉን ገንጥዬ ሁለት መስመር አሰመርሁ፦
አግድሙ ዕድሜ ነው፣ ቁመቱ የደም ግፊት፣
እያንዳንዱ በሽተኛ አንዲት የእርሳስ ነጥብ ናት።

እዚህ ጋ ጫማ ሰፊው፣ ሃምሳ አራት ዓመቱ፤
እዚህ የባንክ ጸሐፊዋ፣ ጎኗ ላይ እናቷ፤
እዚህ ለገሃር በር ላይ ጎማ የሚነፋ ጎረምሳ፣
እዚያ ላይ ጡረተኛው፣ ክኒኑን የረሳ
(ረሳሁ ይላል እንጂ ዋጋውን ነው የተወው፤
ካርዱ ግን ለዋጋ የሚሆን ዓምድ የለው)።
ከሩቅ የተደፋ ጤፍ፤ ጠጋ ብለው ሲያጤኗቸው
ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ ያዘነብላል ደመናቸው።

ከጋውኔ ጫፍ ጥቁር ክር መዘዝኩ፣
በሁለት መርፌ ወጥሬ በመሐላቸው ሰደድኩ።
ለማን ላድላ? ከፍ ባደርገው ወጣቶቹ ይርቃሉ፣
ዝቅ ሲል ሽማግሎቹ «ረሳሽን» ይላሉ።
ሕጉ አጭር ነው፦ ከነጥብ እስከ ክሩ ያለውን ክፍተት
በራሱ አባዝቶ መደመር፣ ድምሩን ማሳነስ በብልሃት።
«ለምን በራሱ?» ስለው፣ ኅሩይ መምህሬ
ጠመኔውን አስቀምጦ ያለኝ ትዝ አለኝ ዛሬ፦
«የላዩ ከታቹ ጋር ተጣፍቶ ዜሮ እንዳይሆንብሽ፤
ደግሞም የራቀ ሰው ሲጮኽ አብዝቶ እንዲሰማሽ።»

ክሩ ረጋ። ተዳፋቱ ለዓመት ዜሮ ነጥብ ስምንት፤
አሥር ልደት ላለፈበት ስምንት ይጨምራል ግፊት።
እንደ ቸርችል ጎዳና ነው፤ ከለገሃር ሲነሡ ቀላል፣
ማዘጋጃ ቤቱ ሲደርሱ ጉልበት ይናገራል።
ወደ ግራ ብከተለው ዘጠና ሁለት ላይ ይቆማል፣
ዕድሜው ዜሮ ለሆነ ሰው «ይኼን ያህል ነው» ይላል።
እዚያ ግን ማንም የለም፤ ሕፃን አልለካንም እኛ።
መስመር እንዲህ ነው፤ ያልረገጠውን አገር ያወራል እንደ መንገደኛ።

አንዲት ነጥብ ግን ቀረች፣ ከሁሉም ተነጥላ፣
ከወረቀቱ አናት ላይ ብቻዋን ተንጠልጥላ።
ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ፤ መቶ ሰማንያ አራት።
ክሩ መቶ አሥራ አምስት ነበር የሰጣት፤
የተረፈው ስልሳ ዘጠኝ። «ቅሪት» ይሉታል በመጽሐፍ፣
ድስት ላይ ያረረ ይመስል፣ የሚፋቅ፣ የሚታለፍ።

አለቃዬ በስልኩ ብርሃን አየና «የጽሕፈት ስህተት ነው፤
መቶ አሥራ አራትን ነው እንዲህ ያደረጉት፤ ሪፖርቱን እንላከው።
ከመስመር የወጣ ነገር ሥዕል ያበላሻል» አለ፣
ላጲሱን አነሣ፣ ፋቃት፣ ፍርፋሪውን እፍ አለ።

ከመስመር ወጣች። በእኛ ሰፈር ይኼ ቃል ለሴት ሲባል
በሯ በአንድ ምሽት ይዘጋል፣ ስሟ ከእቁብ ይፋቃል።

ካርዱን ገለጥኩ፦ ዘምዘም ሽፋ።
ሥራ፦ የመኪና ማቆሚያ ሒሳብ ሰብሳቢ።
መለኪያዬን በፌስታል ጠቅልዬ ወጣሁ።
ከቴአትር ቤቱ ዝቅ ብሎ፣ አንበሳው ሐውልት አጠገብ አገኘኋት፤
ቢጫ ሰደርያ፣ የደረሰኝ ጥራዝ፣ ጎርፍ የጠጣ ጫማ።
«እኔን? ኧረ ምንም አያመኝም!
ራሴን ብቻ፤ እሱም የመኪና ጭስ ነው።»
ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላል፤
በዚያ ጩኸት መሐል የደሟን ድምፅ ፈለግሁ።
አየሩን ሞላሁ። ለቀቅሁ። አዳመጥኩ።

መቶ ሰማንያ ሁለት።

«ብዙ ነው እንዴ?»
«ከፍ ብሏል። ነገ ነይ፤ ካርድ ሳታወጪ በቀጥታ ወደ እኔ።»
«ጠዋት አልችልም፤ ገቢ አለብኝ።»

ተመለስኩ። ላጲሱ የበላው ቦታ ሻክሯል፤
ነጥቧን በእስክሪብቶ መለስኳት፣ ቀለሙ ጠልቆ ገብቷል።
መርፌዎቹን ነቅዬ ክሩን እንደገና ስወጥረው
በፀጉር ውፍረት ያህል ወደ እርሷ ነው ያጋደለው።
ማንም አያየውም። ሪፖርቱ ላይ አንድ ቁጥር ነው የሚወጣ።
ከሥሩ በእርሳስ ጨመርኩ፦
«ዘጠኝ ሰዓት። ዘምዘም። ትምጣ።»

መብራት መጣ።