ያንተስ?

ፈረስ መጋላ ላይ፣ ከማለዳው ሁለት ሰዓት፣
ኤፉዋ ደብተሯን ይዛ፣ እኔ የሌሊት ጥናት፤
የበሮቹን ስም ከነቁጥራቸው፣ የግንቡን ዕድሜ በቃሌ።
(ሁለት ዓመት ሐረማያ ስማር፣ ለሳሙናና ለቻርጀር ካልሆነ
ጀጎል መግባት አልነበረም አመሌ።)

ከኩማሲ ነው የመጣችው፤ ለአንድ ሴሚስተር።
መምህሯ የሰጧት ወረቀት አለ፤ አሥር ጥያቄ፣ አሥር መስመር፤
የመጀመሪያው፦ «እዚህ አገር ቅዱስ የሚባለው ምንድን ነው?»
ባዶ ቦታው ጠባብ ነው፤ ቢበዛ ሁለት ቃል ነው የሚይዘው።

ልጆች ከቅያሱ ፈሰሱ፤ «ፈረንጆ!» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው፣
እሷን ሲያዩ አመነቱ፤ ፊቷን ከአክስታቸው ፊት አመሳስለው።
በኦሮምኛ ደህና አደርሽ አሏት፤ በሳቅ መለሰች፤
ካሜራው ያለው እኔ አንገት ላይ ነው፤ «ፈረንጆ» እኔ ላይ አረፈች።

ጃሚዕ መስጊድ ደጅ ቆመን
ዘመን ልቆጥርላት ስጀምር፣ ዓይኗ ሄደ አንድ ሽማግሌ ዘንድ፤
የእግሩን ጣቶች ሲያጥብ፣ የሰው ልጅ ጣት ይመስል፣ ቀስ ብሎ፣ አንድ በአንድ።

አው አባድር ዘንድ ጫማ ይወለቃል። አወለቀች።
ከቀኝ ካልሲዋ ቀዳዳ አውራ ጣቷ ብቅ አለች፤
ጥቁር፣ ክብ፣ አንገቷን ከድንጋይ ሥር ያወጣች ኤሊ መሳይ።
«ይቅርታ» አለች።
ለማን እንደሆነ አልገባኝም፤ ለኔ? ለወሊዩ? ወይስ ለሰማይ?

ተመልሰን መድኃኔ ዓለም። እዚያም ጫማ ይወለቃል።
አንዲት ባልቴት አይተው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤
ለጸሎት መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ፤
ለካ ሳቃቸውን ሊሸሽጉ።

ሦስተኛው ደጅ የአባይ ረውዳ ቤት፤ ግድግዳው ሙሉ ሳህን፣ ሙሉ ሙዳይ፣
ቀይ አፈር የተቀባው መደብ፣ ከፍ ዝቅ እያለ፣ የማን ቦታ የት እንደሆነ የሚያሳይ።
አባይ ረውዳ ጣቷን አዩና አንድ ነገር በሐረሪ ተናገሩ።
አስተርጓሚ ተብዬ የመጣሁት እኔ፣ ዝም። ሳህኖቹን መቁጠር ጀመርኩ።
የልጅ ልጃቸው ኢክራም፣ ስምንት ዓመቷ፣ በአማርኛ መነዘረችልኝ፤
እኔ ለኤፉዋ በእንግሊዝኛ። ንግግሩ በሦስት በር አልፎ እንዲህ ደረሰ፦
«ካልሲው ምን አጠፋ፤ መንገዱ ነው የበላው፤
መኪና ግርግር ውሰዳት፤ ለሙክታር ቀዳዳ ነው እንጀራው።»

መኪና ግርግር ማለት፣ ግራና ቀኝ የስፌት መኪና ዝናብ ነው።
ሙክታር ካልሲውን ገልብጦ ወደ ብርሃን ያዘው፣ እንደ ሐኪም፤
ለግራጫ ካልሲ ቀይ ክር መረጠ። «ሌላው አይታይም።»
እሷ በአንድ እግሯ ቆማለች፣ ትከሻዬን ይዛ።
ሒሳብ ስንል እጁን አወዛወዘ፤ «ተዉት፣ የእንግዳ እግር ነው»፤
ከዚያ ጫማዬን አየና፣ «ያንተስ?» ቢለኝ፣
«የኔ ደህና ነው።»

ሲመሽ በግንቡ ጥግ አለፍን፤ ከሥሩ አለ ጠባብ ቀዳዳ፣
አስበው የተዉት፣ ለጅብ፣ ለሌሊቱ እንግዳ።
ስለሱ ገጽ ሙሉ አጥንቼ ነበር፤ አንድም ቃል አልወጣኝም።
ኤፉዋ ጎንበስ ብላ እጇን አስገባች፤
«ይሞቃል» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

በአሮጌዋ ፔጆ ስንመለስ የመምህሯን ወረቀት አወጣች፤
ከመጀመሪያው ጥያቄ ሥር፣ ሙክታር የቆረጠውን ትራፊ ክር
በፕላስተር ለጠፈች።
«ማርክ ይሰጡሽ ይሆን?» አልኳት። ትከሻዋን ነቀነቀች።

ማታ ዶርም፣ ሁሉም ሲተኛ፣ ጫማዬን በጨለማ አወለቅኩ።
የኔም ግራ ካልሲ ቀዳዳ ነው። ጠዋትም አውቅ ነበር፤ እያወቅኩ ነው የዋልኩ፤
በሦስቱም ደጅ አውራ ጣቴን አጥፌ፣ ከቀኝ እግሬ ሥር ሸሽጌ፣
ያን ሁሉ ዓመተ ምሕረት ያስረዳሁት
እንደ ሽመላ ቆሜ፣ አንዱን እግር ሰብሰብ አድርጌ።

ሐሙስ ክፍል የለኝም። መኪና ግርግር እወርዳለሁ፤
ሙክታር ለጠየቀኝ
እግሬን ዘርግቼ እመልሳለሁ።